አያ ጅቦና አልጮህ ያለው ዲቴክተር

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ መሬት እየፈተሹ ብር በሚፈልጉበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የሚባል ሆዳም ጅብ ሚስት ሊያገባ ተነሣ። ያጫት ሽታዬ ትባላለች። ስሟን ሰምታችሁ አትሳቁ፤ ለጅብ የጅብ ሽታ ሽቶ ነው። አባቷ አባ መንጋጋ ግን ቀልድ አያውቁም።

«ልጄ ባዶ አንገቷን ከቤቴ አትወጣም» አሉት። «ለጥሎሹ ቀን የጠገራ ብር ድሪ ይዘህ ና። ካጣህ ደግሞ ሌላ ፈላጊ አላት።»

አያ ጅቦ ሽታዬን ይወዳት ነበር። ሲያስባት እንኳ ምግብ ይረሳል፤ ለጅብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ብሩን ፍለጋ ወጣ።

ጠገራ ብር የሚገኘው ሰዎች ጥለውት በሄዱት አሮጌ ገበያ ላይ ነው። የድሮ ነጋዴ ሽፍታ ሲፈራ ብሩን ይቀብርና አንዳንዱ ሳይመለስበት ይቀራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሜዳው ብር ታቅፎ ተኝቷል። አያ አንበሶ ሜዳውን ሸንሽኖ ለአራዊቱ በዕጣ አደለ፤ ድንበሩን በድንጋይ አስለየ፤ አዋጅም አስነገረ።

«እዚህ ሜዳ ላይ ጥርሱን የሚያሳይ፣ ቀንዱን የሚያነሣ፣ ወዮለት! ገበያ ድሮም የሰላም ቦታ ነው!»

የአያ ጅቦ ዕጣ ከማን ጎን ወደቀ ብትሉ፣ ከአህያ ጎን! ምን ይደረግ? ምሳው አጠገቡ ቆሞ፣ እሱ ምራቁን እየዋጠ መሬት ሊፈትሽ ሆነ።

መፈተሻውን ለሁሉም የምታከራየው እመት ቀበሮ ነበረች። ዲቴክተር ይሉታል፤ ረጅም ዘንግ ነው፤ ከጫፉ ሳህን የመሰለ ነገር አለው። ሳህኑ በመሬት ላይ ሲያልፍ ከሥር ብር ወይም ብረት ካለ «ጢጥ!» ብሎ ይጮሃል። የአህያና የአያ ጅቦ ዲቴክተሮች የአንድ ፋብሪካ ልጆች ነበሩ፤ እንደ መንታ አይለዩም።

ሥራ ተጀመረ። አህያ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ፣ ጭነት እንዳለባት ቀስ እያለች፣ ሳህኑን ሣሩን እያስነካች ሄደች። ብዙም ሳትርቅ «ጢጥ!» አለላት። ቆፈረች፤ ጠገራ ብር አወጣች፤ አቧራውን እፍ ብላ ስልቻዋ ውስጥ ጨመረችው።

አያ ጅቦ ዞር አለ። «ምን አገኘሽ?»

«ብር።»

«ትልቅ ነው?»

«ብር ያህላል።»

«ከሥሩስ ሌላ አለ?»

«አያ ጅቦ፣ አንተም እኮ መሬት አለህ!» አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

መሬትስ ነበረው። ግን የእሱ ዲቴክተር ዝም! አህያ ጋ «ጢጥ!» ባለ ቁጥር አያ ጅቦ ዞሮ ያያል። ከርሃብ የከፋ ነገር ያለ አይመስለውም ነበር፤ ቅናት ግን ከርሃብ የባሰ ጥርስ አለው። ቆሽቱ አርሮ እመት ቀበሮ ዘንድ ከነፈ።

«ይኼ ዕቃሽ ደንቆሮ ነው! ብር ላይ ቆሜ አይሰማም!»

እመት ቀበሮ በመጀመሪያ ዲቴክተሩን ሳይሆን የአያ ጅቦን እጅ አየች። ቋንጣ ይዟል። ቋንጣውን ተቀበለችና ዘንጉ ላይ ያለችውን የባትሪ ሣጥን ከፈተች።

«ባትሪ ድንጋዩ ሞቷል» አለች። «የሞተ ነገር አይጮህም።»

አዲስ ባትሪ ድንጋይ ተደረገለት። አያ ጅቦ እየጨፈረ ተመለሰ። እውነትም ጮኸ! ቆፈረ፤ ቆርኪ። ደግሞ ጮኸ፤ የዛገ ሚስማር። ደግሞ ጮኸ፤ የጠጅ ቤት ጣሳ ክዳን። በድንበሩ ማዶ አህያ ሌላ ጠገራ ብር እፍ ትላለች።

«ለእሷ ብር፣ ለእኔ ቆርኪ!» አለና በንዴት የዲቴክተሩን ማዞሪያ እስከ ጥጉ ጠመዘዘው። ይህ ማዞሪያ እንዲህ ያለውን ውዳቂ ብረት እንዳይቆጥር የሚያደርግ ነው። ከዚያ በኋላ ቆርኪም ጠፋ፤ ሚስማርም ጠፋ፤ ነፋስ ብቻ ቀረ። እንደገና እመት ቀበሮ ዘንድ። እንደገና ቋንጣ።

«አይ አያ ጅቦ!» አለች ማዞሪያውን ወደ ቦታው እየመለሰች። «ቆርኪውን ዝም በል ስትለው ብሩም አብሮ ዝም አለልህ። ጥቂት ቆርኪ ሳይቆፍር ብር ያገኘ የለም። አህያም ትቆፍራለች።»

«አህያ ቆርኪ ታወጣለች?»

«አንተ ከምታወጣው ይበልጣል። ብሩን ብቻ ስለምታይላት ነው።»

ይህ እንኳ አላጽናናውም። ተመለሰ። አሁንም ዝም! የጥሎሹ ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ሽታዬ አንገቷን ታጥባ ድሪዋን ትጠብቃለች። አያ ጅቦ ቢጨንቀው ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን የበሬ ቅልጥም ተሸክሞ ሄደና፣ «ሜዳው ድረስ መጥተሽ እዪልኝ» ብሎ ለመናት። ቅልጥም ያየች ቀበሮ እምቢ አትልም። ሜዳው ዳር በሆዷ ተኝታ ታየው ጀመር።

ብዙም አልቆየች፤ ነገሩ ገባት። አያ ጅቦ ሲነሣ ሳህኑን መሬት አስነክቶ ይነሣል። አህያ ጋ «ጢጥ!» ሲል ግን ማየት አለበት። የጅብ አንገት ደንዳና ነው፤ ለብቻው አይዞርም። ስለዚህ መላ ገላውን ያዞራል፤ ዘንጉም አብሮት ይነሣል፤ ሳህኑ ከመሬት ርቆ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አያ ጅቦ ይህን አያውቅም። ዓይኑን አህያ ላይ ተክሎ፣ እግሩ በደመ ነፍስ እየሄደ፣ ሰማዩን ይፈትሻል።

እመት ቀበሮ ልታረጋግጥ ብላ ከራሷ ኪስ ጠገራ ብር አወጣችና መንገዱ ላይ ቀበረች። ያኔ አህያ ቆፍራ ስታወጣ አያ ጅቦ አፍጥጦ እያየ፣ በብሩ ላይ አለፈበት። ዝም። ቀበሮ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አያ ጅቦ፣ ዲቴክተሩ ከእኔም ከአንተም የተሻለ ጤነኛ ነው። ሳህኑ መሬት ለመሬት ካልሄደ አይሰማም። አንተ አህያን ባየህ ቁጥር ሽቅብ ታነሣዋለህ። ዓይንህን ከሰው ማሳ መልስ፣ ያኔ ይጮህልሃል።»

አያ ጅቦ ጸጉሩ ቆመ። «ዲቴክተሩን ሥሪ አልኩሽ እንጂ ዓይኔን ሥሪ አልኩሽ? ገባኝ፣ ገባኝ! አህያዋ ምን አብልታሽ ነው?»

«ገለባ!» አለች ቀበሮ እየሳቀች። «ምክሬን ሰጠሁ፣ ቅልጥሜን ተቀበልኩ። የቀረው የአንተ ነው።» የቀበረችውን ብር መልሳ አወጣችና ቅልጥሟን እየጎተተች ሄደች። ቀበሮ በነፃ የምትተወው ነገር የለም።

አያ ጅቦ ምክሩን ቢሰማ ኖሮ ተረቱ እዚህ ባለቀ። እሱ ግን ድንበሩን ተሻግሮ አህያ ፊት ተገተረ።

«ያንቺ ዲቴክተር ይሻላል። እንለዋወጥ!»

«መንታ ናቸው እኮ፣ አያ ጅቦ።»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማሽም? አዋጁ አንድ ቀን ይነሣል!»

«ውሰደው፣ ውሰደው» አለች አህያ ጆሮዋን እያራገበች። «ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል። አንተ ባትኖር ማን ያተጋኝ ነበር?»

ተለዋወጡ። አህያ የእሱን ያዘች፤ አንገቷን ደፋች፤ «ጢጥ!» አለ። አያ ጅቦ የእሷን ይዞ መላ ገላውን ወደ እሷ አዞረ፤ ዝም አለ። እንግዲህ ዕቃው ካልሆነ መሬቱ ነው! አያ ጅቦ እያለከለከ አያ አንበሶ ፊት ወደቀ።

«ጌታዬ፣ ዕጣው አድልቷል! ለእሷ ብር የበቀለበት፣ ለእኔ ቆርኪ የበቀለበት ደረሰን። መሬታችንን ያለዋውጡን!»

አያ አንበሶ አህያን አስጠራ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ጌታዬ፣ የኔን ፈትሼ ልጨርስ ጥቂት ነው የቀረኝ። እሱ ግን የራሱን ገና አልነካውም። ኋላ እንዳይቆጨው ብዬ ነው እንጂ እኔስ የትም ቢሆን ማጎንበስ ነው ሥራዬ።»

«ሰማሃት?» አለ አያ አንበሶ።

«ሰማኋት! ጥሩውን ላለመልቀቅ ነው እንዲህ የምትለኝ! ደጓን አህያ መሰለች!»

«እንግዲያው ኋላ ተጸጸትኩ ማለት የለም። ማል!»

አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። «አያ አንበሶ ይሙት! ከዛሬ ጀምሮ የኔ የእሷ፣ የእሷ የኔ ነው። ከሥሩ ወርቅ ቢፈልቅ አልጠይቅም!»

«ይሙት የተባልኩት እኔ ነኝ» አለ አያ አንበሶ ጎፈሬውን እያሻሸ። «ስለዚህ ይህችን መሐላ አልረሳትም።»

የጥሎሹ ቀን ደረሰ። አባ መንጋጋ ሽታዬንና የጅብ ሽማግሌዎችን አስከትለው ሜዳው ላይ መጡ፤ አያ አንበሶም ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። አያ ጅቦ አህያ ፈትሻ ልትጨርሰው በነበረው መሬት ላይ ይንከራተታል። ጥቂት የቀረ ብር ነበረበት፤ ግን ዛሬም ዓይኑ እዚያው ነው። አሁን ደግሞ የሚያየው የገዛ የድሮ መሬቱን ነው። ሳህኑ ሰማይ ላይ ይንሳፈፋል።

አህያ በአዲሱ መሬቷ ቀስ እያለች መጣች። የድንበሩ ድንጋይ አጠገብ ስትደርስ ሣር የሌለበት፣ የተደለደለ መሬት አገኘች። አያ ጅቦ እሷን እያየ ሲቆም የዋለበት፣ በእግሩ ሲረግጠው የከረመው ቦታ ነው። ሳህኑን አስጠጋች።

«ጢጥ ጢጥ ጢጥ ጢጥ!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ሜዳው ሰምቶ አያውቅም። አህያ ቆፈረች፤ ማሰሮ ወጣ። ክዳኑን ስታነሣው እስከ አፉ ጠገራ ብር ነው! ሽማግሌዎቹ «ኧረ ጉድ!» ብለው ተነሡ።

አያ ጅቦ በድንበሩ ላይ ዘሎ መጣ። «የኔ ነው! እዚህ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ! ሣሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

«በማን ሞት ነበር የማልከው?» አለ አያ አንበሶ። አያ ጅቦ ጭራውን ቆለፈ። አባ መንጋጋም ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ሊነሡ ተዘጋጁ።

ሽታዬ አንገቷን ደፋች። የአያ ጅቦንም ዓይን እንባ ሞላው። ያንን ያየች አህያ ሆዷ ራራ። አህያ እንዲህ ናት፤ ነገ የሚበላትን ዛሬ ታዝንለታለች።

«አያ ጅቦ፣ አታልቅስ» አለችው። «ና፣ ለድሪው የሚበቃህን ከማሰሮው ዝገንና ውሰድ። በእኔ ምክንያት ሠርግ አይፍረስ።»

አባ መንጋጋ መልሰው ተቀመጡ። ሽታዬ ቀና አለች። አያ ጅቦ እጁን ማሰሮው ውስጥ ከተተ፤ ጨብጦ አወጣ። ብሩ አበራ፤ ድሪ ይወጣዋል፤ ከድሪም ይተርፋል። ያኔ ሰላም አግኝቶ ወደ ሽታዬ ቢሄድ ምን ነበረበት! እሱ ግን እጁን አየ፤ ከዚያ ማሰሮውን አየ። እጁን አየ፤ ማሰሮውን አየ። ፊቱ ጠቆረ።

«ለእኔ እፍኝ፣ ለእሷ ማሰሮ?»

«ምን አልክ?» አሉ አባ መንጋጋ።

«አገር ምን ይለኛል? ጅብ እፍኝ ለምኖ፣ አህያ ማሰሮ አተረፈች ይባል? ወይ ማሰሮውን ከነብሩ፣ ወይ ምንም አልፈልግም!» ብሎ እፍኙን ብር መልሶ ማሰሮው ውስጥ ወረወረው።

ሽታዬ ተነሣች።

«እንግዲያውስ ምንም ይሁንልህ» አለችው። «ድሪዬ እኮ እጅህ ላይ ነበር፤ የአህያን ማሰሮ እያየህ ጣልከው። እኔንም ብታገባኝ የጎረቤትን ሚስት እያየህ ስትረግጠኝ ልትኖር ነው። አባዬ፣ ይነሡ እንሂድ።»

ሄዱ። ሽማግሌዎቹም ጭራቸውን እያወዛወዙ ተከተሉ። አህያ ማሰሮዋን ስልቻዋ ውስጥ እየገለበጠች በሐዘን አንገቷን ነቀነቀች። አያ ጅቦ ወደ አባ መንጋጋ መላ ገላውን አዞረና እየጮኸ ጠየቃቸው።

«አባ መንጋጋ! ሌላው ፈላጊዋ ማነው? ያ የሚያገባት ከእኔ የበለጠ ነገር አለው እንዴ?»

ከዚህ የምንማረው ዓይኑን ሌላው ባገኘው ላይ የተከለ ሰው፣ የራሱን ሀብት በእግሩ እየረገጠ እንደሚያልፍ፣ በእጁ ቢያስጨብጡትም እንኳ መልሶ እንደሚጥለው ነው።