የአውሮፕላኑ ለቅሶ

አንድ ጊዜ፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ማንም የማይፈልገው አንድ የጦር አውሮፕላን ሜዳ ላይ ተጥሎ ቀረ። ጉድ እኮ ነው! ሆዱ በረት ያህላል፣ ክንፉ ከዚህ እስከዚያ! ያ ሁሉ ቦምብ ተሸክሞ ሲያገሳ የነበረ፣ አሁን ጎማው ተንፍሶ አፍንጫውን አፈር ውስጥ ደፍቶ ተኝቷል። ዛፉ ሁሉ በጦርነቱ ተቃጥሎ ስላለቀ፣ በዚያ ሜዳ ከክንፉ ሥር በቀር ጥላ የሚባል አልነበረም።

ከጥላው ሥር አህያ ተኝቷል። ጦርነቱን ሙሉ ለዚሁ አውሮፕላን ነዳጅ ሲያመላልስ ጀርባው ተልጦ፣ ዝንብ ማባረር እንኳ ይደክመዋል።

ታዲያ ቀበሮ፣ እንደ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ «ቁራሌው! ቁራሌው!» እያለች መዶሻ ይዛ መጣች። ከኋላዋ አያ ጅቦ ለሃጩን ያዝረበርባል።

«ተነሥ አንተ፣ ልናፈርሰው ነው» አለች። «ቆርቆሮው ለጎሬዬ ጣሪያ፣ ጎማውና የወንበሩ ቆዳ ለአያ ጅቦ።»

«ጥላዬስ?» አለ አህያ።

«የሞተ የጅብ ነው!» አለ ጅብ። «ሕግ ነው! ይሄ አይበር፣ አይጮህ፤ ሞቷል!»

ተያይዘው አንበሳ ዘንድ ሄዱ። አንበሳም ከጦርነቱ ወዲህ ደክሞት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ «በሕጉ የሞተ የጅብ ነው። ውሰዱት፣ እኔንም ተዉኝ» አለ።

አህያ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ ጌታዬ፣ ሞቷል እንበል። ለቅሶው የታለ ታዲያ?»

«የምን ለቅሶ?» አለች ቀበሮ።

«አያ ጅቦ ወራሽ ነኝ አለ። ወራሽ ሐዘን ሳይቀመጥ፣ ለቀስተኛ ሳይደርስ ይካፈላል እንዴ? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!»

አንበሳ አፈረ፤ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «እውነቱን ነው። መጀመሪያ ሐዘን ተቀመጡ። ለቀስተኛ መምጣቱን ሲያቆም ታፈርሳላችሁ።»

«ንፍሮ አለ?» አለ ጅብ።

«አለ» አሉት። ደስ ብሎት ሄደ፣ ሞኙ!

ክንፉ ድንኳን ሆነ። ጅብ መሬት እየደበደበ «ወይኔ ጎማዬ! ወይኔ ቆዳዬ!» ሲል ቀበሮ ሳቋን መያዝ አቃታት። ቀስ ብላ በግ መጣች።

«ለእሱ አይደለም የመጣሁት» አለች ወደ አውሮፕላኑ እያየች። «ግልገሌ እሱ በጣለው እሳት ቀረች። የማለቅስበት ቦታ አጥቼ ነው።»

ከወዲያኛው ወገን የተዋጋው ከርከሮ ደግሞ ስለ አባቱ መጣ። በግ ጠጋ አለችለት። አህያም ያኔ ነዳጅ እንደተሸከመ የቀረ ወንድሙ ትዝ አለው፤ ያን ቀን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም፣ አሁን አለቀሰ። አንበሳም ሳይታሰብ መጥቶ ከዳር ተቀመጠ፤ ስለ ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ሰነበተና ቀበሮ መዶሻዋን አስቀመጠች።

«እናቴን ሳልቀብር ነው የሸሸሁት» አለች።

እንዲህ እያለ አውሮፕላኑ ሳይፈርስ ቀረ። አያ ጅቦ ብቻ በየጠዋቱ «አለቀ?» ይላል።

«ገና ነው፣ አያ ጅቦ» ይለዋል አህያ ደከም ብሎ። «ጠጋ በል፣ ለቀስተኛ መጣ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ጦርነት አለቀ ብሎ ትርፍራፊውን ለመቀራመት የሚቸኩል ሁሉ፣ መጀመሪያ ለማን ገና እንዳልተለቀሰ መጠየቅ እንዳለበት ነው።