ልብስ የበዛበት ኮምፒውተር

አንድ ጡረተኛ ነበረ። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኖ ሲሠራ፣ ጣቱ ከጽሕፈት መኪናው ሳይነሳ ጸጉሩ ሸበተ። ሲሰናበት ባልደረቦቹ አዋጥተው ኮምፒውተር ገዙለት። በጭብጨባ አስረከቡት፤ እሱም በታክሲ ተሳፍሮ፣ ዕቃውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ቤቱ ገባ።

ዘርፌ ልጄ፣ ፊትሽን አታጥቁሪ። «ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ የምትውል ልጄ፣ የእኔን ደጃፍ ስትረግጥ ለምን ጸጥ ትላለች? ማን ምን አስነካብኝ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሰምቻለሁ፤ አርጅቻለሁ እንጂ አልደነቆርኩም። መልሱን በአንድ ቃል ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ፤ ስለዚህ በዚህ ሰውዬ ቤት በኩል ዞሬ ልምጣ።

ሰውየው ዘጠና ዓመት የተጠጋት ታላቅ እህት ነበረችው። የቤተሰቡን ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ቆጥራ የምታውቅ፣ ከእሷ በቀር አንድም ሰው አልቀረም። እኛ ሰባት ቤት ሳንቆጥር አንጋባም፤ ቆጣሪው ሲጠፋስ? ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ከዚያው ቤተሰብ የወጡ ሁለት ልጆች ሳይተዋወቁ ተፋቅረው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ጠላው ተጠንስሶ ሳለ፣ «ተዉ፣ እነዚህ የአራት ቤት ዘመዳሞች ናቸው» ብላ የለየቻቸው ይህችው አሮጊት ናት። ልጅቷ ያን ቀን ያለቀሰችው ልቅሶ ከጡረተኛው ጆሮ አልወጣም። እህቴ ስታልፍ ይህ ሁሉ አብሯት ይቀበራል፣ የነገዎቹን ልጆች የሚለያቸው የለም ብሎ ፈራ። ስለዚህ ከአገር ቤት አምጥቶ ቤቱ አስቀመጣት። እሷ ልትናገር፣ እሱ ሊጽፍ ተስማሙ። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እስክሪብቶ አይታዘዘውም፤ ኪቦርድ ላይ ሲያርፍ ግን ጣቱ የድሮው ጣት ነው።

ኮምፒውተሩ የክብር ዕቃ ነውና የክብር ቦታ ተሰጠው። ከሳሎኑ ቡፌ የታችኛው ክፍል የእንግዳ ብርጭቆው ወጥቶ የኮምፒውተሩ ሣጥን ገባ፤ ስክሪኑ ከላይ ተቀመጠ። ከፋብሪካ ተጠቅልሎ የመጣበት ላስቲክ አልተነሳም። ላስቲኩን ማንሳት አዲስነቱን ማንሳት ነው አሉ። አትሳቂ! የአንቺም ሶፋ አራት ዓመቱ ነው፤ ባለፈው ተቀምጬበት ስነሳ ላስቲኩ ተከትሎኝ ሊወጣ ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ ሚስቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀምጣ በነጭ ክር ዳንቴል ሠራችለት። ዳንቴሉ ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ ከኋላም ከጎንም ሸፈነው። አቧራ እንዳይገባ የቡፌው መስታወት ተዘጋ። ቤቱ የመጣ እንግዳ ሁሉ «አቤት ስታምሩ!» ብሎ ሄደ።

መጻፍ በጀመሩበት ቀን እህቲቱ ጥሩ ሆና ዋለች። «ጻፍ!» አለችው፤ «ቢተው አራት ወለደ። አንዱ በልጅነቱ ቀረ። አንዷ ተከዜን ተሻግራ አገባች፤ እሷ ደግሞ የወለደቻቸው…» እያለች የእያንዳንዱን ስም፣ የባሉን አገር፣ የሚስቲቱን አባት ስትዘረዝር፣ እሱ እንደ ዝናብ እየመታ ተከተላት። ግማሽ ሰዓት ሞላ። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ።

መብራት የሄደ መስሎት ቀና አለ፤ አምፖሉ በርቷል። መልሶ ሲያስነሳው የጻፈው የለም። አየሽ፣ በጽሕፈት መኪና የተመታ ፊደል ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ይህኛው ካላስቀመጡት እንደማያስቀምጥ የነገረው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በየመስመሩ ማስቀመጥ ለመደ። ግን የተጻፈው ቢተርፍም የተቋረጠው ወግ አይተርፍም። ዕቃው በጠፋ ቁጥር አሮጊቷ ትደናገራለች፤ ተመልሶ እስኪነሳ ታንቀላፋለች፤ ስትነቃ ሌላ ቦታ ትጀምራለች። ያቺ ተከዜን የተሻገረችው ሴት ማንን እንደወለደች ደጋግሞ ቢጠይቃት «ነግሬህ የለም እንዴ?» ብቻ አለችው።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። በሽታውን ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ የጠረጠረው ኮረንቲውን ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚለውን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ገዝቶ ሰካ። ጠፋ። ሶኬቱን አስቀየረ፤ ገመዱን አስቀየረ። ጠፋ። ከጎን ያለው ብረታ ብረት ቤት ብየዳ ሲጀምር ነው የሚጠፋው ብሎ ሄዶ ተጣላ። ባለ ብየዳው ለአባቱ ተዝካር አገር ቤት ሄዶ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ተዘግቶ ሲከርም፣ ዕቃው ያው በየግማሽ ሰዓቱ ጠፋ። ሰውየው ይቅርታ መጠየቅ ይገባው ነበር፤ አልጠየቀም።

በመጨረሻ ሣጥኑን ለብቻው አውጥቶ ወደ ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አበራው። አንድም ጊዜ አልጠፋም።

«አባባ፣ ዕቃዎ ምንም የለበትም» አለው። «ምናልባት ቫይረስ ይሆናል ብዬ፣ የጻፉትን ለይቼ አስቀምጬ፣ ሌላውን ሁሉ አጽድቼ እንደ አዲስ ጭኜዋለሁ። ከዚህ በላይ የማደርገው የለም።»

ሰውየው እያመሰገነ ወሰደው። ቤቱ ከተተው፣ ላስቲኩን መለሰ፣ ዳንቴሉን አለበሰ፣ መስታወቱን ዘጋ፣ አበራው። ግማሽ ሰዓት። ድርግም።

ያን ጊዜ ነው ልቡ የቆሰለው። ሰው ቤት ሲሆን ይሠራል፣ እኔ ቤት ሲሆን ይዘጋል፤ እንግዲህ ጥፋቱ የቤቴ ነው፣ ወይም የሆነ ሰው ዓይን ነው አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ ማን መጥቶ እንዳደነቀው፣ ማን በምን ዓይን እንዳየው መቁጠር ጀመረ። ሚስቱ ይባስ ብላ ጠበል ልርጭበት አለች።

«አንቺ ሴትዮ! ውሃና ኮረንቲ አገናኝተሽ ልትገድይን ነው?» ብሎ ጮኸባት።

«ታዲያ በሰው ዓይን ሲያልቅ ዝም ብዬ ልየው?» አለችና ጠበሉን ትታ ሌላ መሸፈኛ ሠራች፤ ይህኛው ወፈር ያለ፣ ባለ ጥልፍ ነው። ዕቃው ባመመው ቁጥር ልብስ ጨመሩለት። ልብስ በጨመሩለት ቁጥር ቶሎ ቶሎ ጠፋ። አንዴ ሃያ ደቂቃ፣ አንዴ አሥር። እነሱ ግን ሁለቱን ነገሮች አላገናኙም፤ ምክንያቱም ልብሱ የፍቅር ነው፣ ሰው ደግሞ ከፍቅሩ ላይ በሽታ አይፈልግም።

እህቲቱ በዚህ መሐል እየደከመች ሄደች። አንድ ቀን ወንድሟን በአባታቸው ስም ጠራችው። አራት ቤት ድረስ ተጽፏል፤ ሦስቱ ቀርቷል። ሰውየው ጓዳ ገብቶ በሩን ዘግቶ አለቀሰ። ሞቷን አልነበረም የሚፈራው፤ ዘጠና ዓመት የኖረ ሰው ቢሞት እግዜር ይመስገን ነው። የፈራው፣ አፏ እያለ፣ ቃሏ እያለ፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሳይሰማት እንዳትሄድ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንደገና ተቀመጡ። አምስተኛውን ቤት ጀመረች። ሁለት ስም ሳትጨርስ ድርግም አለ። ሰውየው በእጁ ጭኑን መታ። «እትዬ፣ ይህ ዕቃ ጠልቶኛል» አለ።

አሮጊቷ ዓይኗ አያይም ማለት ይቻላል። በቀኟ ያለውን ቡፌ እየዳሰሰች መስታወቱን ከፈተች፤ በጥልፉ ሥር፣ በዳንቴሉ ሥር፣ በላስቲኩ ሥር እጇን አስገብታ ሣጥኑ ላይ አሳረፈችው። ሕፃን ግንባር ላይ እጅ እንደሚያደርጉት ነው ያደረገችው። ከዚያ እጇን ቶሎ መለሰች።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይህ እኮ ነዷል!»

«ምን አልሽ?»

«ያተኩሰዋል! ትኩሳት ያለበትን ነገር ማን ነው በዚህ ሁሉ ልብስ የሚቀብረው? አውልቁለት!»

«እትዬ፣ አቧራ ይገባዋል።»

«ይግባው» አለች። ከዚያ፣ በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ያላነሳችውን ነገር አነሳች። «የበኩር ልጄን ወባ ሲያነደው ብርድ እንዳይመታው ብዬ በሦስት ጋቢ ጠቀለልኩት፤ መስኮቱን ዘጋሁ። ልጄ ከላዬ ላይ አንሺልኝ እያለኝ እኔ እጨምር ነበር። እዚያው ጋቢው ውስጥ አለፈ። ጠልቼው ይመስልሃል? ፈርቼ ነው እንጂ።»

ሚስቲቱ ከበሩ ቆማ ስትሰማ ነበር። ማንም ሳይነግራት መጥታ ጥልፉን አነሳች፤ ያን የሦስት ሳምንት ዳንቴሏን አነሳች፤ ላስቲኩን በሁለት እጇ ቀደደችው። ባልየው ሣጥኑን ከቡፌው አውጥቶ ከግድግዳው ራቅ ባለ በርጩማ ላይ አስቀመጠው። ከኋላው አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ነበረች። ሠራተኛ ናት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስትዞር የኖረችው ግን የራሷን ትኩስ አየር መልሳ እየማገች ነው።

ኮምፒውተሩን አበሩት። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። አሮጊቷ ስትናገር፣ እሱ ሲመታ፣ መሸ።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው ወደ ባለሙያው ስልክ ደውሎ ነገሩን ነገረው። ባለሙያውም መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ «አባባ፣ የት እንዳስቀመጡት ሳልጠይቅዎት፣ የእኔም ጥፋት ነው» አለ። «እነዚህ ዕቃዎች ሙቀቱ ሲበዛባቸው በገዛ እጃቸው ይዘጋሉ። ተበላሽተው አይደለም፤ ውስጣቸው እንዳይቃጠል ነው።» ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ፤ እነዚያ ሰዎች ግን ሥሩን ትተው የጎረቤቱን ብየዳ ሲያዩ ስንት ቀን አለፈ!

እህቲቱ ሰባቱን ቤት ጨርሳ ቆጠረች፤ ተጻፈ፣ በወረቀትም ታተመ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። አሁን የዚያ ቤተሰብ ልጆች ሲተጫጩ ወላጆቻቸው ወረቀቱን ያያሉ። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ አንድ ክፍት ቦታ አለ። ያቺ ተከዜን የተሻገረችው ሴት ማንን እንደወለደች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እሱ የተነገረው በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ አልተመለሰም።

እንግዲህ ዘርፌ ልጄ፣ አንቺም እንደዚህ ሰውዬ ነሽ። ኮምፒውተሩ ንቆት አልነበረም፤ ልጅሽም አልናቀችሽም፤ ማንም ምንም አላስነካብሽም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ስልኳን ታነቢያለሽ። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ምን ሆንሽ?» ትያታለሽ፣ «ምንም» ስትልሽ «እንዴት ምንም?» ትያታለሽ። ስታስነጥስ ሐኪም ቤት፣ ሲከፋት ጠበል። ዝም ባለች ቁጥር ጥያቄ ትጨምሪያለሽ፤ ጥያቄ በጨመርሽ ቁጥር ቶሎ ትዘጋለች። ከሰው ጋር የምትስቀው ሰው ከአንቺ በልጦባት አይደለም፤ እዚያ አየር ስለምታገኝ ነው። ቤትሽ ስትገባ ደግሞ ውስጧ እንዳይቃጠል ትዘጋለች።

ፍቅርሽን ተይ አልልሽም። አባቷ ካለፈ ወዲህ እሷም እንዳታመልጥሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ እኔም በቀብሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ እጇን እንዴት አጥብቀሽ እንደያዝሻት አይቻለሁ። ያን ቀን መያዝሽ ደግ ነበር። ግን ማርም ሲበዛ ይመራል። ዛሬ ልትነግርሽ የምትችለው ነገር አለ፤ ዛሬ ካልተነገረ ደግሞ ነገ ብትለምኛትም የማይመለስ ይኖርበታል። ዛሬ ስትመጣ ምንም አትጠይቂያት። ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፤ ብትናገር ስሚ፣ ባትናገር እራትሽን ብዪ።

ከተቀመጥሽ ጀምሮ ሰዓትሽን አራት ጊዜ አየሽ። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመሽ ልትወስጃት ነው። ቁጭ በዪ ልጄ። መንገዱን ታውቀዋለች።