የእትዬ ትርንጎ ፑል ቤት አዲስ ጨርቅ

እኛ ሰፈር አንዱ ለሠርግ ብሎ በገዛው አዲስ ጫማ ሲያነክስ፣ ወይም ዘመድ ይመጣል ብሎ ያዛወረው አልጋ ራሱን አደናቅፎ ሲጥለው፣ ሽማግሌዎች አንዲት ምሳሌ ጣል ያደርጉበታል። ሌላ ሰፈር ብትነገርም ያስቃል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቀው ግን የእኛው የወፍጮ ሰፈር ሰው ብቻ ነው። የመጣችው ከእትዬ ትርንጎ ፑል ቤት ነው፤ ሰበቡም ጎሚስታው ወንድይፍራው ነው። ይህ ወሬ ሲነሳ እስከ ዛሬ ይናደዳል። ይናደድ።

ወንድይፍራው ጎማ ይለጥፋል፤ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ፑል ይጫወታል። በእትዬ ትርንጎ ጠረጴዛ ላይ የሚችለው ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው አርጅቷል። ጨርቁ ተጨማዷል፣ መሐሉ ላይ ከጨርቁ ሥር የተነጠፈው ድንጋይ ሰጥሞ ረባዳ ሠርቷል፤ በበሩ በኩል ያለው የዳር ጎማ ደግሞ ከመድረቁ የተነሳ ኳስ ሲደርስበት እዚያው ያስቀራል እንጂ አይመልስም። እንግዳ ሰው ቀጥ አድርጎ የመታት ኳስ ረባዳዋ ጋ ስትደርስ ታጥፋ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። ወንድይፍራው ግን ከቀዳዳው አንድ ስንዝር አርቆ እያየ ይመታል፤ ኳሷም በረባዳዋ ዞራ ሰተት ብላ ትገባለች። ሰው ያጨበጭባል። እሱም "እጅ ነው!" ይላል፤ ደግሞ ከልቡ ያምናል።

በየዓመቱ በገና ዋዜማ ከመናኸሪያ ሰፈር ጋር ውድድር አለ። ሁለቱ ሰፈሮች አዋጥተው አንድ ሙክት ይገዛሉ፣ ያሸነፈው ይዞት ይሄዳል፤ ለአሸናፊው ተጫዋች አንድ ሙሉ ታፋ ይደርሰዋል። ዳኛው የድሮው የወፍጮ ቤት ዘበኛ ጋሽ ጥሩነህ ናቸው። አንድ ዓመት ወንድይፍራው የመናኸሪያውን ተካልኝን አሸነፈው። ተካልኝ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ አፉ የማይቸኩል ጨዋ ሰው። ዘንጉን አስቀመጠና፣

"ወንድይፍራው፣ እንኳን ደስ ያለህ። ግን እኔን ያሸነፈችኝ ይህቺ ረባዳ ናት እንጂ አንተ አይደለህም" ብሎ ጠረጴዛውን ቸብ ቸብ አደረገው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ወንድይፍራው ደሙ ፈላ። "እንደሱ ነው? እንግዲያውስ ለከርሞ ጨርቁንም ጎማውንም አስቀይረን፣ ድንጋዩንም አስተካክለን እንጠብቅሃለን። ያኔ ደግሞ ምን እንደምታመካኝ አያለሁ!"

"ማርያምን?"

"ማርያምን!"

ይህን እትዬ ትርንጎ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው ሰሙ። እሳቸው ደግሞ እንግዳ ፊት የተባለ ነገር ሳይፈጸም ቢቀር እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ናቸው። ወንድይፍራው ተረስቷል ብሎ ሲዝናና፣ ገና ሲቃረብ ከአዲስ አበባ አረንጓዴ ጨርቅና ጥቅል ጎማ ከነባለሙያው አስመጡ። ባለሙያው መኪና ተበላሽቶበት ለዋዜማው አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰ። ወንድይፍራውም ከሥራው ተጠርቶ መጣ።

"አንተ ጎማ ታውቃለህ፣ አግዘው" አሉት።

"እትዬ፣ እኔ የማውቀው የመኪና ጎማ ነው።"

"ጎማ ጎማ ነው። ና!"

የዚያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሊያግዝ ወጣ፤ ከእንዲህ ያለ እርዳታ ይሰውራችሁ። አንዱ ጨርቁን ወደ በሩ ሲስብ ሌላው ወደ ጓዳ ይስባል። ባለሙያው "ቀስ!" ሲል ሁሉም "ቀስ በሉ እንጂ!" እያለ እርስ በርሱ ይጯጯሃል፤ የሚለቅ ግን የለም። ወንድይፍራው በመሐል ሚስማር ይነቅላል፣ አሮጌውን ጎማ ከእንጨቱ ላይ ይፍቃል፣ እጁ ይላጣል። ጨርቁ ተነሥቶ ሲያልቅ ረባዳዋ ራቁቷን ታየች፤ ድንጋዩን የተሸከመው እንጨት ወርዶ ኖሯል። ባለሙያው ከሥር ሽብልቅ አስገብቶ መታ መታ ሲያደርገው ድንጋዩ ቀና አለ። ያን ጊዜ ነው ወንድይፍራው ሚስማር መንቀሉን የተወው።

"ይቺን እንኳ ብንተዋትስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ምኗን?" አሉ እትዬ ትርንጎ።

"ድንጋዩን ነዋ። ብዙ ሲነካካ ይሰነጠቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"አይሰነጠቅም" አለ ባለሙያው።

"የበሩ ጎማስ? እሱ እኮ ገና ደህና ነው።"

እትዬ ትርንጎ የተነቀለውን ጎማ አንሥተው መሬት ላይ ቢጥሉት እንደ ማገዶ እንጨት ቋ አለ። "ይሄ ነው ደህና? አንተ ሰውዬ ጎሚስታ ነህ ወይስ ምንድን ነህ? ማርያምን ብለህ የማልከው አንተ! አሁን እንግዳ ፊት ልታዋርደኝ ነው?"

ምን ይበል? ሳሸንፍ የኖርኩት በጠማማው ነው ይበል? አዲሱን ጎማ ለጠፈ። እንዲያውም አሳምሮ ለጠፈው፤ እሱ ነው የሚያበግነው። እጁ መጥፎ ሥራ አያውቅም።

ሲያልቅ ትንሽ ልሞክረው ቢል ባለሙያው ማጣበቂያው እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው አለ። እትዬ ትርንጎም ጠረጴዛውን አንሶላ አልብሰው በሩን ቆለፉት። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አስካለች ወንድሞቿን ለገና ጠርታ፣ ለታፋው የሚሆን ድስት ከጎረቤት ተውሳ ጠበቀችው።

"ትልቁን ነው የተዋስኩት" አለችው።

በማግሥቱ ተካልኝ ሰዎቹን አስከትሎ መጣ። ጠረጴዛውን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። "እትዬ ትርንጎ፣ እጅዎን ይባርከው። እንዲህ አድርጎ ያከበረን ሰው የለም።" እትዬ ትርንጎ በደስታ እንባቸው መጣ። የወንድይፍራውም መጥቶ ነበር፤ ምክንያቱ ሌላ ሆነ እንጂ።

ጨዋታው ተጀመረ። ወንድይፍራው እንደ ልማዱ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር አርቆ አይቶ መታ። ኳሷም የታዘዘችውን አደረገች፤ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ርቃ ሄደች። ቀጥሎ ቀጥ አድርጌ ልምታ ብሎ ለራሱ ነገረው፤ እጁ ግን ስንት ዓመት የለመደውን አልተውም ብሎ አሁንም ወደ ጎን ላካት። በበሩ በኩል ደግሞ ባሰ። ድሮ ነጯን ኳስ እዚያ አስተኝቶ ባላጋራውን ማስጨነቅ ዋና ዘዴው ነበር። አሁን ራሱ የለጠፈው ጎማ ተቀብሎ መለሳት፤ ጠረጴዛውን አቋርጣ ማዶ ካለው ቀዳዳ ዘው አለች። ተካልኝ ሳይቸኩልም ሳይስቅም የራሱን ኳሶች አስገብቶ፣ በመጨረሻ ጥቁሯንም አስከተላት።

"ጠረጴዛው ጠማማ ነው!" ብሎ ጮኸ ወንድይፍራው።

እትዬ ትርንጎ ባለሙያው የተወላቸውን ውሃ ልክ አምጥተው መሐሉ ላይ አስቀመጡ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ። አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ ብላለች። ወደ ዳሩ ቢወስዱትም ያው ነው።

"የቱ ጋ ነው የጠመመው? አሳየኛ!"

"የጠመመውማ ቀረ!" አለ ወንድይፍራው፤ ከትናንት ጀምሮ በሆዱ የያዘው ነገር አመለጠው። "እሱን ነበር የማውቀው! የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ የት ጋ እንደሚተኛ ዓይኔን ጨፍኜ እነግራችሁ ነበር! ይሄኛው የማን ጠረጴዛ ነው? የት ያውቀኛል?"

ተካልኝ ትከሻውን መታ አድርጎት ወጣ። መናኸሪያዎች ሙክቱን ደጅ ከታሰረበት ግንድ ፈትተው እየነዱ ሲሄዱ ጩኸቱ እስከ ውስጥ ድረስ ይሰማ ነበር። ወንድይፍራው ዘንጉን እንደያዘ ቆሞ የአስካለችን ትልቅ ድስት ያስባል፤ የሚስቱን ወንድሞች አፍ ያስባል። እትዬ ትርንጎም በአዲሱ ጨርቅ ላይ የሌለ አቧራ ይጠርጋሉ።

ጋሽ ጥሩነህ ሁለቱንም አየት አደረጓቸውና ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ደጃፉ ላይ ሲደርሱም ዘወር ብለው እንዲህ አሉ፦ "አዬ ወንድይፍራው! ለእንግዳ ብሎ ቤት ያደሰ፣ በገዛ ጓዳው ዳበሰ!"