ጫንያለው ዳገቱን እንዲወጣ

ጠጋ ጠጋ በሉማ። አንዲት ሴት አንዲት ትንሽ ነገር ፈልጋ የት የት እንደዞረች ልንገራችሁ።

ስሟ ሩቅያ ነው። ቆላ ውስጥ ከወንዝ ዳር ካለች መንደር ሰውና ቲማቲም ጭና ወደ አምባ ገበያ የምትመላለስ ሾፌር ናት። መኪናዋ ከአባቷ የወረሰችው አሮጌ ላንድሮቨር ነው። ተሳፋሪዎቹ «ጫንያለው» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ምን ቢጭኑበት እምቢ አያውቅማ! እምቢ ማለት የጀመረው በስተርጅና ነው።

የሩቅያ ፍላጎት ትንሽ ናት፤ እናቷን እማማ ዘነቡን ከዳገቱ በላይ ማድረስ። የእማማ ዘነቡን ዓይን ሞራ ከጋረደው ዓመታት አልፈዋል። አሁን ግን የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ አገር ወደ አምባ ገበያ ሊመጡ ነው፣ ሞራውን ገፈው ብርሃን ይመልሳሉ የሚል ወሬ ቆላው ድረስ ወርዷል። እማማ ዘነቡ ዳሌያቸው ተሰብሮ የዳነ ስለሆነ በቅሎ ላይ አይቀመጡም። የመንደሩ ጎረምሶች «በቃሬዛ እንሸከምዎ» ቢሏቸው፣ «በቃሬዛ የምሄደው ስሞት ነው፤ እስከዚያ ታገሱ» ብለው መለሷቸው።

ጫንያለው ግን ዳገቱን አልወጣ አለ። ወገቡ ላይ ሲደርስ አንደኛ ማርሹ ቷ ብሎ ይዘልና መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሩቅያ ተጨንቃ ወደ መካኒኩ ወደ ሱልጣን ወሰደችው። ሱልጣን ከመኪናው ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ደስ አይልም ነበር።

«ካምቢዮው አልቋል» አላት። «ማርሹን የሚይዙት ጥርሶች ረግፈዋል። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። የሌላ መኪና ሆድ ዕቃ ካልተገጠመለት አይድንም።»

«የየትኛው መኪና?»

«አያ ሽፈራው ጓሮ የተገለበጠው ፒክአፕ አለ አይደል? የእሱ ካምቢዮ ጤነኛ ነው። አንቺ እሱን አምጪልኝ እንጂ ማያያዣውን በይጄ እገጥመዋለሁ። እንዲያውም ከወጣትነቱ የበለጠ ጉልበት ነው የሚኖረው።»

ሩቅያ ደስ ብሏት ወደ አያ ሽፈራው ሮጠች። ፒክአፑ ጎማዎቹን ወደ ሰማይ አንጋጦ ጓሯቸው ውስጥ ተኝቷል።

«አያ ሽፈራው፣ እባክዎን ይህን ፒክአፕ ይስጡኝ። ካምቢዮ ከሌለ ጫንያለው ዳገቱን አይወጣም፤ ጫንያለው ካልወጣ እናቴ ብርሃን አታይም።»

«እኔስ ምን ይሠራልኛል ልጄ?» አሉ አያ ሽፈራው። «ግን ጎንበስ በይና ከሥሩ እይ።»

ሩቅያ ጎንበስ ብላ አየች። ከጨለማው ውስጥ ፍየሎች መልሰው አዩአት።

«ቤታቸው እሱ ነው። ፒክአፑን ካቀናነው ጅብ ይጨርሳቸዋል። መጀመሪያ ጉረኖ ይታጠርላቸው፤ ከዚያ ፒክአፑን ከፈለግሽ ከነጎማው ውሰጂው።»

ፍርዱ ትክክል ነው፤ ሩቅያም አልተከራከረችም። ጅብ የሚመልስ ጉረኖ የሚታጠረው በእሾህ ነው። ደህና እሾህ ያለው ደግሞ እትዬ ጠጂቱ ደጅ በቆመው ትልቅ ግራር ላይ ነው። ስለዚህ ወደ እትዬ ጠጂቱ ሄደች።

«እትዬ ጠጂቱ፣ ከግራርዎ ጥቂት ቅርንጫፍ ልቁረጥ። እሾህ ከሌለ ጉረኖ አይታጠርም፤ ጉረኖ ካልታጠረ ፍየሎቹ አይወጡም፤ ፍየሎቹ ካልወጡ ፒክአፑ አይቀናም፤ ፒክአፑ ካልቀና ካምቢዮ የለም፤ ካምቢዮ ከሌለ ጫንያለው ዳገቱን አይወጣም፤ ጫንያለው ካልወጣ እናቴ ብርሃን አታይም።»

እትዬ ጠጂቱ ደረታቸውን መቱ። «ውይ ዘነቡን! ለእሷ ዓይን ቅርንጫፍ ልሰስት? ግን ቀና በይ፤ ላዩ ላይ ምን አለ?»

ሩቅያ ቀና አለች። በየቅርንጫፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ንቦቹ ይተራመሳሉ።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን ያሳደጉልኝ እነሱ ናቸው። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ይሰደዱብኛል። ሳያስቆጣ ወደ ሌላ ዛፍ የሚያዛውራቸው ሰው ካመጣሽልኝ፣ ግራሩ ያንቺ ነው።»

«ማን ይችላል?»

እትዬ ጠጂቱ የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩና፣ «እሱንማ ታውቂያለሽ» አሉ ቀስ ብለው።

በእርግጥም ታውቃለች። በዚያ አገር ንብ የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ነው፤ ለአያ አደም። አያ አደም የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ነው። የሩቅያ አባት ሲሞት ለቀብር አልመጡም። ጠላት እንኳ በማይቀርበት ቀን ወንድም ቀረ! ለቅሶው ካለፈ በኋላ ሲመጡ እማማ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው፣ አንድ ቃል ሳያስተነፍሷቸው፣ «ደጄን እንዳትረግጥ!» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት በወንዝ ተለያይተው አረጁ።

ሩቅያ ወንዙን ተሻገረች። አያ አደም ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ቀፎ ሲሠሩ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት የያዙት ከእጃቸው ወደቀ።

«የእህቴ ልጅ! ምን ሆናችሁ? ዘነቡ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። አጎቴ፣ የእትዬ ጠጂቱን ንቦች ያዛውሩልኝ ብዬ ነው። ንቦቹ ካልተዛወሩ ቅርንጫፉ አይቆረጥም፤ ቅርንጫፉ ካልተቆረጠ ጉረኖ አይታጠርም፤ ጉረኖ ካልታጠረ ፍየሎቹ አይወጡም፤ ፍየሎቹ ካልወጡ ፒክአፑ አይቀናም፤ ፒክአፑ ካልቀና ካምቢዮ የለም፤ ካምቢዮ ከሌለ ጫንያለው ዳገቱን አይወጣም፤ ጫንያለው ካልወጣ እናቴ ብርሃን አታይም።»

«ዓይኗ ይሄን ያህል ደክሟል?» አሉ አያ አደም። አልሰሙም ነበር። በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። «ንብ ማዛወር ለእኔ ጨዋታ ነው ልጄ። ግን ደጄን አትርገጥ የተባለ ሰው እንዴት ብሎ በደጇ ያልፋል? እሷ ‹ና› ካላለችኝ ይህን ወንዝ አልሻገርም።»

ሩቅያ እየተናደደች ተመለሰች። መንገዱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የገዛ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጣላት! ለእናቷ ደግሞ እስከዚያች ሰዓት ስለ ካምቢዮው ፍለጋ ምንም አልነገረቻቸውም። «ለእኔ ብለሽ አትንከራተቺ» እንደሚሏት ታውቃለቻ።

እማማ ዘነቡ ምስር በእጃቸው እየዳበሱ ይለቅማሉ። ሩቅያ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳትቆጪ ስሚኝ። አንቺ ‹ና› ካላልሽ አጎቴ አይሻገሩም፤ አጎቴ ካልተሻገሩ ንቦቹ አይዛወሩም፤ ንቦቹ ካልተዛወሩ ቅርንጫፉ አይቆረጥም፤ ቅርንጫፉ ካልተቆረጠ ጉረኖ አይታጠርም፤ ጉረኖ ካልታጠረ ፍየሎቹ አይወጡም፤ ፍየሎቹ ካልወጡ ፒክአፑ አይቀናም፤ ፒክአፑ ካልቀና ካምቢዮ የለም፤ ካምቢዮ ከሌለ ጫንያለው ዳገቱን አይወጣም፤ ጫንያለው ካልወጣ አንቺ ብርሃን አታዪም።»

እማማ ዘነቡ ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ምስሩን ለቀም፣ ለቀም። ሩቅያ ቁጣውን ጠበቀች።

«አየሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«አየኋቸው።»

«ድምፁስ? እንደ ድሮው ጎርናና ነው?»

«ቀጥኗል እማ። አርጅተዋል።»

የእማማ ዘነቡ ጣቶች ምስሩ ውስጥ ቆሙ። «እኔ የማውቀው ወጣቱን ነው» አሉ። «ነጠላዬን አምጪልኝ። ያዢኝና ወንዙ ድረስ ውሰጂኝ።»

«አንቺ ለምን ትደክሚያለሽ? ‹ና ብላለች› ብዬ እኔ ልንገራቸው።»

«እኔ በአፌ ያባረርኩትን ሌላ ሰው ይጠራዋል እንዴ?»

ቀስ እያሉ፣ እያረፉ፣ ወንዙ ዳር ደረሱ። እማማ ዘነቡ ምርኩዛቸውን ተክለው ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ።

«አደም! አደም ወንድሜ! ና!»

 ወዲያው ከማዶ ውኃው ተንቦጫረቀ። ሽማግሌው ጫማቸውን ሳያወልቁ ገብተው ነበር።

ከዚያማ ምን ቀረ! እማማ ዘነቡ ሲጣሩ አያ አደም ተሻገሩ፤ አያ አደም ሲሻገሩ ንቦቹ ተዛወሩ (ለማየት የተጠጋውን ሱልጣንን ብቻ ነደፉት)፤ ንቦቹ ሲዛወሩ ቅርንጫፉ ተቆረጠ፤ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ጉረኖው ታጠረ፤ ጉረኖው ሲታጠር ፍየሎቹ ወጡ፤ ፍየሎቹ ሲወጡ መንደሩ በሙሉ ገመድ ይዞ «ሆ!» አለና ፒክአፑ ቀና፤ ፒክአፑ ሲቀና ካምቢዮው ወጣ፤ ካምቢዮው ሲወጣ ሱልጣን አንድ ዓይኑ እንዳበጠ በየደ፣ ገጠመ፣ አሰረ። ጫንያለውም ተነሣ።

ሩቅያ እናቷን ከፊት፣ አጎቷን ከኋላ ጭና ዳገቱን ጀመረች። ወገቡ ላይ ስትደርስ እጇን ማርሹ ላይ ጭና ትንፋሿን ዋጠች። «ቷ» የሚለውን ድምፅ ጠበቀች፤ አልመጣም። ሞተሩ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ ሳይቸኩል፣ ድንጋዩን እየረገጠ ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሩቅያ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ሐኪሞቹም የእማማ ዘነቡን ሞራ ገፈፉ። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት ከፊታቸው የቆሙትን ወንድማቸውን ነው።

«ውይ አደም! እንዲህ ሸበትክ?»

«ላንቺስ መስተዋት ይምጣልሽ?»

ሲመለሱ ዳገቱ አናት ላይ እማማ ዘነቡ «አቁሚልኝ» አሉ። ሩቅያ ሞተሩን አጠፋች። ቆላው፣ መንደሩ፣ ወንዙ፣ የባላቸው መቃብር፣ ሁሉም ከሥራቸው ተዘርግቷል። እማማ ዘነቡ አዩ፣ አዩና ጠየቁ።

«አሁን ንገረኝ። ያን ቀን ለምን ቀረህ?»

«አልቀረሁም» አሉ አያ አደም። «ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለኝ። እዚያ ማዶ፣ ከቋጥኙ ላይ ሆኜ አስከሬኑ ሲወጣ አይቻለሁ። ጮኼ ተጣርቼ ነበር፤ ጎርፉ ድምፄን ዋጠው።»

እማማ ዘነቡ ቋጥኙን አዩ። መቃብሩን አዩ። በመካከላቸው ወንዙ እንደ ክር ቀጥኖ ይፈሳል።

«ይሄን ያህል ቅርብ ነበርክ?» አሉ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሩቄ፣ ወንድሜ ከኋላ ብቻውን ምን ያደርጋል? እዚህ ከእኔ ጋር ይቀመጥ እንጂ።»

ሦስቱም ከፊት ተጣብቀው ቁልቁለቱን ወረዱ። ሩቅያ ማርሽ በቀየረች ቁጥር ክርኗ የእናቷን ጎን ይነካ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንድማቸውን ሲያዩ ልብም አላሉት።

እነሱ በሰላም ገቡ። ለእናንተም ዳገት ሲበረታ «ና» የሚል ሰው አይጥፋ።