ገዳዩን በገጽ አሥር የሚያውቁት ጋሽ ዘውገ

አንድ ቀን ደሴ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ እዚያው ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ በዐይኔ ያየሁት ነው።

ላቀው የሚባል መጽሐፍ አከራይ ነበር። ሱቅ የለውም፤ የእትዬ አስካለ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አንድ መደርደሪያ አቁሞ የወንጀል ልቦለድ ያከራያል። ምን ላንብብ ያለውን ሰው ፊቱን አየት ያደርግና ይመርጥለታል። «አንተ ዛሬ ከሚስትህ ተጣልተሃል፤ ይቺን ውሰድ፣ ከአንተ የባሰ ባል ታገኝባታለህ» ይላል። ለእኔ የመረጠልኝ አንዱም መጥፎ ሆኖ አያውቅም። ፊልምም ቢሆን «ቪዲዮ ቤት የቅዳሜውን ተወው፣ የእሑዱን እይ» ካለኝ አበቃ፣ የእሑዱን ነው።

ችግሩ ጋሽ ዘውገ ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ናቸው፤ የማያውቁት ነገር የለም። ቪዲዮ ቤት ከገቡ ፊልሙ ገና ሳይሟሟቅ «ይሄ ባለ ኮፍያው ይሞታል፣ ልጅቷ ደግሞ እህቱ ናት» ብለው ለሁሉም ያድላሉ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልወድም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ገዳዩን ቀድሞ የሚነግረኝን ሰው ከገዳዩ እኩል ነው የማየው።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ባሰባቸው። ሦስት መጽሐፍ በተከታታይ ተከራዩና፣ ሦስቱንም ጊዜ በማግስቱ እየመጡ በረንዳው ላይ ገዳዩን በስሙ ጠሩት።

«ገጽ አሥር ላይ ነው ያወቅሁት!» ይላሉ ከዘራቸውን እያወዛወዙ። «ገጽ አሥር ላይ የሚታወቅ ነገር መጽሐፍ ይባላል? ፍሬ ከርስኪ! አስካለ፣ ይሄን መደርደሪያ አስነሺውና ሦስት ወንበር ጨምሪበት። ይሻልሻል።»

እትዬ አስካለ ለላቀው ያዝኑለታል። ግን በረንዳው ጠቧቸዋል፣ ጋሽ ዘውገ ደግሞ የተማሩ ሰው ናቸው።

«እንግዲህ ላቀው» አሉት፣ «እኔ ንባቡ ላይ የለሁበትም። አንድ መጽሐፍ አንተው ራስህ ምረጥላቸው። የዚህንም ገዳይ ካወቁት ሰኞ መደርደሪያህን አንሳልኝ። ካላወቁት ማንም አይነካህም።»

«ተስማምተናል!» አሉ ጋሽ ዘውገ፣ ላቀው አፉን ሳይከፍት።

ላቀው ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በረንዳ ሌላ ቦታ የለውም፤ እናቱን የሚጦረውም በዚያችው መደርደሪያ ነው። እኔም አንጀቴን በላኝ፤ ግን ምን ልርዳው? ጋሽ ዘውገን ማን ይችላቸዋል?

መቼም የኪራይ መጽሐፍ ታውቃላችሁ። ተከራይ እርሳስ ከያዘ አያርፍም። አንዱ ስልክ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ሌላው የፍቅር ግጥሙን ይሞነጫጭራል። አንዳንዱ ክፉ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ገዳዩ አጎቱ ነው፣ አትድከሙ» ብሎ ይመልሰዋል። ላቀው በየሳምንቱ ላጲስ ይዞ ይሄን ሲፍቅ ነው የሚውለው። ያን ወር ግን ታሞ ስለሰነበተ ሳይፍቅ ቀርቷል። እና ያን ዕለት ጋሽ ዘውገ ከሄዱ በኋላ፣ እሳቸው የመለሷቸውን ሦስቱን መጽሐፎች አንሥቶ ሲገልጥ፣ ሦስቱም ላይ የገዳዩ ስም በእርሳስ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

«አሃ! ገጽ አሥር ይላሉ እንዴ!» አለ።

ወዲያው አንድ መጽሐፍ መረጠ። እኛ የበረንዳው ሰዎች ሁላችንም ያነበብነው ነው፤ ግሩም መጽሐፍ ነው፣ ብታገኙት እንዳያመልጣችሁ፣ ገዳዩን ግን ከእኔ አትሰሙም። ታሪኩ ወደ አሰብ በሚሄድ የጭነት መኪና ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ከሟቹ ሌላ ያሉት ሰዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሾፌሩ፣ ረዳቱና አንዲት የጨርቅ ነጋዴ። ላቀው እርሳሱን አወጣና፣ የእጅ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅበት በግራ እጁ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ብሎ ጻፈ። ቅዳሜ ጠዋት ለጋሽ ዘውገ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

እሑድ በረንዳው ጢም አለ። ጋሽ ዘውገ መጽሐፉን በብብታቸው ሸጉጠው ከች አሉ።

«ገጽ አሥር እንኳ አልደረስኩም!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ገጽ ሰባት!»

«ማነው ታዲያ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሐኪሙ ነዋ!»

አጠገቤ የተቀመጠው ልብስ ሰፊው ኢብሬ ሻዩ ትን አለው። እኛም ከንፈራችንን ነክሰን ወደ መሬት አየን።

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ላቀው በትሕትና። «እንዴት ጠረጠሩት ጋሼ?»

«አመሉ ነዋ የሚያሳብቅበት! ገና ሲገባ እጁን ይታጠባል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይታጠባል። ንጹሕ ሰው ምን ሲያደርግ ነው ሁለቴ የሚታጠበው? እኔን ማን ያታልለኛል? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስተማሪ ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው ነኝ!»

«ዐይኑስ ጋሼ?» አለ ኢብሬ፣ እንባውን እየጠረገ።

«ዐይኑማ ይቅበዘበዛል!»

እትዬ አስካለ የሚሆነው አልገባቸውም። አዘን ብለው ወደ ላቀው ዞሩ።

«በል እንግዲህ ላቀው፣ እውነቱን ንገረኝ። አውቀውታል?»

ላቀው መጽሐፉን ከጋሽ ዘውገ ተቀብሎ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና ለኢብሬ ሰጠው። ኢብሬም «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» የሚለውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ጋሼ» አለ ላቀው፣ «እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሐኪም የሚባል ሰው የለም። ሐኪሙን በእርሳስ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እጁን ያስታጠቡት ግን እርስዎ ነዎት!»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ። እትዬ አስካለ ነገሩ ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው «መደርደሪያው ንቅንቅ አይልም!» አሉ። ጋሽ ዘውገ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ከዘራቸውን አንሥተው ውልቅ አሉ። ትንሽ ራቅ ካሉ በኋላ ግን ቆሙ፤ ተመልሰው መጡና በረንዳው ጫፍ ላይ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለመሆኑ... ማነው የገደለው?» ብለው ጠየቁ።

ማናችንም አልነገርናቸውም።