ያልወረዱት አሞራዎች

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ እምቢ ባለበት ዓመት፣ አያ ጅቦንና እመት ቀበሮን ረሃብ አጎዳኝቷቸው ምግብ ፍለጋ ይዞሩ ነበር። መቼስ ጅብና ቀበሮ ወደው አይጎዳኙም! አንድ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርሱ አያ ጅቦ ቁልቁል ሊወርድ ተንደረደረ።

«ተው አያ ጅቦ፣ አትድከም» አለችው ቀበሮ። «አባቶቻችን ምን ይላሉ? ጥንብ ካለ አሞራ ያንዣብባል። ሰማዩን እየው፤ አንድም አሞራ የለም። እንግዲያው ጥንብም የለም።»

እሱ ግን ሆዱ እንጂ ጆሮው አይሰማ! ወርዶ ሸለቆውን ሲያስስ ዋለ። ድንጋይ ብቻ አይቶ ምላሱን አንጠልጥሎ ተመለሰ።

«እውነትሽን ነው ለካ!» አለ። «ከእንግዲህ ይህችን ነገር አልረሳትም። ሞኝ የሚለኝ ሁሉ ይየኝ!»

በማግስቱ ጉም አገሩን ሸፈነው። ወፍ አይንጫጫም፤ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ደረቁ ወንዝ ዳር፣ ከረጅሙ ሣር በላይ፣ አሞራዎች ድምፅ ሳያሰሙ ይዞራሉ። ጉሙ ውስጥ ጥልቅ ይሉና ደግሞ ብቅ ይላሉ። አንዱም ግን አይወርድም።

«ጥንብ!» የአያ ጅቦ ለሃጭ ተዝረበረበ። «አሞራ ካለ ጥንብ አለ። ያንቺው ትምህርት ነው!»

የቀበሮ ጠጉር ቆመ። «ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም! ጥንብ ካለ አሞራ ይመጣል አልኩ እንጂ፣ አሞራ ከመጣ ጥንብ አለ መቼ ወጣኝ? አሞራ በሌላም ምክንያት ይመጣል። ደግሞስ ለምን አይወርዱም? እባክህ ቅር፤ ፈራሁልህ።»

«ብቻሽን ልትበዪ ነዋ!» አላትና ሣሩ ውስጥ ገባ።

አሸተተ፤ የሥጋ ሽታ የለም። አንድ መላጣ ሽማግሌ አሞራ ደረቅ ግንድ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል።

«አባባ፣ ጥንቡ ወዴት ነው?»

«እኛም እሱን እየጠበቅን ነበር» አለ አሞራው በቀስታ። «አንድ አንበሳ እዚህ ሣር ውስጥ ካደፈጠ ሰንብቷል። እሱ ባለበት ጥንብ አይጠፋም ብለን ነው የምንዞረው። እንኳን ደህና መጣህ።»

ከአያ ጅቦ ኋላ ሣሩ ተንኮሻኮሸ።

ቀበሮ ከሩቅ ሆና አንድ ጩኸት ሰማች። ከዚያ ጸጥ አለ። አሞራዎቹ አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ።

«ወይኔ አያ ጅቦ!» አለች። «አሁን ጥንብ አለ።»

ከዚህ የምንማረው፣ «ጥንብ ካለ አሞራ አለ» ከተባለ «አሞራ ከሌለ ጥንብ የለም» ማለት እንደሚያስኬድ፣ «አሞራ ካለ ጥንብ አለ» ብሎ መገልበጥ ግን ራስን ጥንብ እስከማድረግ እንደሚያደርስ ነው።