ውሃ ተሸክሞ የመጣው ካፒቴን

አንድ ጉረኛ ካፒቴን ባዶ መርከቡ እንዳትንገዳገድበት ሆዷን በሩቅ አገር የባሕር ውሃ ሞልቶ ከአንዲት ወደብ ደረሰ። ጭነት ሊጭን ሲል ውሃውን እዚያው ልድፋ አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ግን አምና በእንዲህ ያለ ውሃ የገባ ባዕድ ሸርጣን የዓሣ እንቁላሉን ጠርጎ በልቶባቸው ነበርና፣ «እባክዎ መሐል ባሕር ደፍተውት ይመለሱ» ብለው ለመኑት።

ካፒቴኑ የሰው አገር ወግ አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። «እንግዳ አክባሪ ነን ትሉ የለም? እንግዳችሁ እኔ ነኝ። ወይ ውሃዬን ተቀበሉ፣ ወይ እንግዳ አባራሪ ነን በሉ!» አለና፣ ረታኋቸው ብሎ ጢሙን ጠመዘዘ።

ይህን ጊዜ አንዲት ዓሣ ሻጭ ቀና አለች።

«ኧረ ጌታዬ፣ እንግዳማ ክብራችን ነው፤ ከደጅ ተቀብለን እግሩን እናጥበዋለን። ሌላ ቤት የታጠበበትን የእግር እጣቢ ተሸክሞ መጥቶ፣ ወጥ ድስታችሁ ውስጥ ልድፋው የሚል እንግዳ ግን ገና ዛሬ ማየታችን ነው።»